አንድ ወንበር ለእንፋሎት ክፍሉ

(ነሐሴ፣ ረፋድ ላይ፤ በአንዲት የዞን ከተማ ሆስፒታል፣ የቀዶ ጥገና ዕቃ በእንፋሎት ተቀቅሎ ከጀርም በሚጸዳበት ክፍል፤ የክፍሉ ኃላፊ እትዬ አንጓች መቀስና መቆንጠጫ በጨርቅ ትጠቀልላለች፣ ከሙያ ኮሌጅ የመጣው ወጣቱ አሠልጣኝ ስማቸው በር ላይ ቆሟል።)

አንጓች፦ ፈተናውን የወደቀ ወደ ልብስ ማጠቢያ ይላካል አሉ። ከመድኃኒት ቤት እስከ ጥበቃ የሚወራው ይኼው ነው።

ስማቸው፦ እትዬ አንጓች፣ ወሬው ተገልብጦ ነው የደረሰዎት። የሚነሳው ያልሠለጠነ ነው። ሠልጥኖ የወደቀማ እንደገና ይፈተናል እንጂ ማንም ከቦታው አይነካውም።

አንጓች፦ ወሬው ተገልብጦም ቢሆን ደርሷል። ያንተ እውነት ግን ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናት።

ስማቸው፦ ይኸው ዛሬ መጣች አይደል! ሥልጠናው ላይ አንድ ወንበር ነው የቀረን። እስከ ምሳ ሰዓት ስምዎን ካላስገባሁ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ አዲሱን ሥልጠና ያልወሰደ ይህን ክፍል አይመራም። እሺ ይበሉኝና ልሂድ።

አንጓች፦ እሺ ካልኩማ የምሄደው እኔ እኮ ነኝ።

ስማቸው፦ ለሦስት ሳምንት! ተመልሰው እዚሁ ክፍልዎ ይገባሉ።

አንጓች፦ ኮሌጅህን ሳላየው አውቀዋለሁ፤ የላክህልኝን ልጆች አይቻለሁና። አንዷ ማሽኑ እንፋሎት ሲለቅ አንድ እግር ጫማዋን ጥላ እስከ ካርድ ክፍል ሮጠች። ምን ነካሽ ብላት፣ «እኛ ስንማር በአፉ ሽሽሽ የሚለው መምህሩ ነበር» አለችኝ።

ስማቸው፦ የኮሌጁ ማሽን ተበላሽቶ ነዋ!

አንጓች፦ መቼ ሠርቶ ያውቅና ይበላሻል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አሁንስ በአፍህ ሽሽሽ እያልክ የምትፈላላቸው አንተው ነህ?

ስማቸው፦ ይሳቁ፣ ግድ የለም። አሁን አዲስ ማሽን ገብቷል። ሥልጠናውም ከሥሩ ተለውጧል። ሞዱሉን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ ሰማንያ ገጽ። ይኸው፣ ይመልከቱት።

አንጓች፦ እዚያ አስቀምጠው። እጄ እርጥብ ነው።

ስማቸው፦ እኔ ልያዝልዎት፣ የመጀመሪያዋን ገጽ ብቻ ያንብቧት።

አንጓች፦ መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ።

ስማቸው፦ መነጽር አድርገው አይቼዎት አላውቅም እኮ።

አንጓች፦ ሁልጊዜ ስለምረሳው ነዋ።

ስማቸው፦ እንግዲያው እኔው ላንብብልዎት። «ኢንትሮዳክሽን ቱ ስቴሪላይዜሽን ፕሪንሲፕልስ…»

አንጓች፦ በቃ፣ በቃ! የታጠበ ዕቃ ላይ ምራቅህን ታዘንባለህ። ሰማንያ ገጽ ሙሉ ስትጽፍ አንድ የአማርኛ ቃል አጣህ?

ስማቸው፦ ሽፋኑ ላይ የኮሌጁ ስም በአማርኛ አለ።

አንጓች፦ እግዜር ይስጥልን። እና እንዲያው፣ ይኼን ሁሉ አስተምራችሁ ስታበቁ ሰው ማወቁን በምን ትለዩታላችሁ?

ስማቸው፦ እሱማ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ሰፍሯል። ያ ምዕራፍ እንቅልፌን ነው የበላው! ሥዕሉ ሁሉ በቀለም ነው።

አንጓች፦ ስለ ሥዕል ማን ጠየቀህ? ተወው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ስማቸው፦ እኔን ሞኝ ማለትዎ ነው ወይስ ወረቀት?

አንጓች፦ የሚስማማህን ውሰድ።

ስማቸው፦ እሺ፣ አሁን ደግሞ ተራው የኔ ነው። ይኼን ማሽን ማን ነው የጫነው?

አንጓች፦ እኔው፣ በእነዚህ እጆቼ።

ስማቸው፦ እንደ አመሻሽ ሚኒባስ ጠቅጥቀውታል። ጥቅል በጥቅል ላይ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ። እንፋሎቱ በየት ይለፍ? ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይበልለት?

አንጓች፦ እንፋሎት መንገድ አያጣም።

ስማቸው፦ ያጣል እንጂ። በቀደም ከቀዶ ጥገና ክፍል እርጥብ ጥቅል አልተመለሰብዎትም?

አንጓች፦ ክረምት ነው። በክረምት የማይረጥብ ምን አለ?

ስማቸው፦ ዝናቡ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ነው የሚዘንበው?

አንጓች፦ ኧረ አንደበትህ ተሳለ! ና እስቲ፣ ይኼን ጥቅሉ ላይ የተለጠፈውን ቴፕ እየው። መስመሩ ከጠቆረ በስሏል ማለት ነው። ይኸው ጠቁሯል።

ስማቸው፦ ቴፑ የተለጠፈው ከላይ ነው። ድንች ልጣጩ ስለሞቀ ውስጡ በሰለ ይባላል? የቴፑ መጥቆር ጥቅሉ ማሽን መግባቱን ነው የሚነግርዎት። መሐሉ ላይ ያለው መቀስ እንፋሎት አግኝቶ እንደሆነ ቴፑ በምን ያውቃል?

አንጓች፦ …ይኼ የስንተኛው ምዕራፍ ነው?

ስማቸው፦ የስድስተኛው።

አንጓች፦ እስቲ እሱን በቃልህ ንገረኝ። አሁን፣ እዚሁ።

ስማቸው፦ ሥልጠናው ላይ ከነትንታኔው ያገኙታል። ይግቡ ብቻ!

አንጓች፦ በአፍ የነገሩኝን አንድም አልጥልም። ከልብስ ማጠቢያ ወጥቼ እዚህ ስገባ ማን አስተማረኝ? አንዲት ሲስተር አንድ ቀን አሳየችኝ፣ በነጋታው ተዛወረች። ከዚያ ወዲህ የተማማርነው እኔና ማሽኑ ነን። የበሩ ላስቲክ ሲላላ ኮሪደር ላይ ሆኜ በፉጨቱ አውቀዋለሁ።

ስማቸው፦ እኔስ የፈለግኩዎት ለዚህ አይደል!

አንጓች፦ ለዚህ ከሆነ፣ ፉጨት የሚጠይቅ ፈተና አላችሁ?

ስማቸው፦ ኤጭ፣ ፈተና ፈተና አይበሉ እንጂ! ሰው መጀመሪያ ይማራል። ሞዱሉን ሦስት ጊዜ ካነበቡት የሚያስፈራ ነገር የለውም።

አንጓች፦ ሦስት ጊዜ!

ስማቸው፦ እርስዎ ብልህ ነዎት፣ ሁለቴም ይበቃዎታል።

አንጓች፦ የልብስ ማጠቢያዋን ትርንጎን ታውቃታለህ? ከዚያ ስወጣ «ሄዳ ትመለሳለች» ብላ ሽርጤን አጥባ አጣጥፋ አስቀመጠችው። እስከ ዛሬ ማንንም አላስለበሰችውም። አሁን ስሜ «የወደቁ» ተብሎ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍና ለትርንጎ ሠርግ ይሁንላት?

ስማቸው፦ ማንም አይመልስዎትም አልኩ እኮ።

አንጓች፦ የወደቀ ይመለሳል ነው የሚሉት።

ስማቸው፦ ወይ ፈጣሪ! አሁንስ ልናገር። ይኼ ወሬ መፍራት አይደለም፣ ትዕቢት ነው። ካንቺ በታች ያለ ልጅ አያስተምርሽም ብሎ ልብዎ ነግሮዎታል። የእርስዎ ኩራት ክፍሉን ያሳጣዎታል፣ እንግዲህ አልነገረኝም እንዳይሉ!

አንጓች፦ ትዕቢት? ትናንት ጡት የጣልክ ልጅ፣ ሽሽሽ እያልክ ደመወዝ የምትበላ፣ እኔን ትዕቢተኛ ትለኛለህ? ጅብ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል፤ አንተ ግን የምታስቀው በምትታወቅበት አገር ነው! ሂድ፣ ወንበርህን ለፈለግከው ስጥ።

ስማቸው፦ የመጨረሻ ቃልዎ ነው?

አንጓች፦ የኔ ቃል መጀመሪያና መጨረሻ የለውም። አንድ ነው።

ስማቸው፦ እሺ። እርስዎ እየሰሙ ለኮሌጁ መዝጋቢ ልደውል። …ሃሎ፣ ወይንሸት? ስማቸው ነኝ። እትዬ አንጓች አይገቡም። አዎ፣ እምቢ ብለዋል። ተራ የሚጠብቀውን የጤና ጣቢያውን ሰውዬ በቦታቸው አስገቢው። እዚያው ቆሞ ነው? እና ፈረመ? በይ የስም ዝርዝሩን ለጤና ቢሮው ላኪላቸው። …ሄደ? አመሰግናለሁ።

አንጓች፦ አለቀ?

ስማቸው፦ አለቀ። ሌላ ዙር የሚከፈተው ለከርሞ ነው። እስከዚያ ለክፍሉ ሌላ ኃላፊ ይመደባል። በግድ አፍዎን ከፍቼ እሺ አላስብልዎት!

አንጓች፦ ይመደብ። እንዲሁ ቆመህ ከምታየኝ ይልቅ የዚችን ጨርቅ ጫፍ ያዝልኝ።

ስማቸው፦ ያዝኩ። …ተቀየሙኝ እንዴ?

አንጓች፦ ምን ብዬ? ጠበቅ አድርገህ ያዝ። …እና ስማቸው፣ ልጄ፣ ካለፈ በኋላ እንዲያው ለማወቅ ያህል፤ ያ ፈተና በእንግሊዝኛ ነበር የሚጻፈው?

ስማቸው፦ የጽሑፉ? እሱማ ተሰረዘ። የሥልጠናው አዲስነት እኮ እሱ ነው፤ ማሽን ፊት ቆሞ፣ እየሠሩ፣ በአማርኛ ማስረዳት ብቻ። እኔ «ወረቀት የሌለው ፈተና ፈተና አይደለም» ብዬ እስከ ማታ ተሟግቼ ተሸነፍኩ። ለሰው ለማውራትም ደስ ስላላለኝ ነው ያላነሳሁልዎት።