ያማሁት ብቅል

እስቴ ገጠር ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ሰሞኑን እናቶችን ሰብስቤ የሠራሁትን ጉድ ልንገራችሁ። የማሳያቸው ገንፎን በብቅል ዱቄት ማቅጠን ነበር። ብቅሉ የገንፎውን ስታርች ይሰባብረዋል፤ ወፍራሙ ይቀጥንና አቅም ያነሰው ሕፃን ሳይቸገር ይውጠዋል። ብቅሉን ያመጣችው እናና ናት፤ ከሕመም ገና ያላገገመ ልጇን ታቅፋለች። ገንፎው እሳት ላይ እየተንተከተከ ብቅሏን ጨመርኩበት። ባማስለው፣ ባማስለው፣ ወይ ፍንክች! ሴቶቹ ሁሉ ሲያዩኝ ጊዜ ደነገጥኩና፣ «ብቅልሽ የሻገተ ነው! ይህን ለልጅሽ ልታበዪው ነበር?» አልኳት።

«ኧረ እህቴ፣ በገዛ እጄ ነው ያበቀልኩት» ብላ አንገቷን ደፋች።

እኔ ግን አላበቃሁም። መበላሸቱን ላሳይ ብዬ ከዚያው ብቅል ቆንጥሬ፣ ቀድሞ ሳህን ላይ ወጥቶ በረድ ብሎ ገና ሞቅ ካለው ገንፎ ላይ ጨመርኩ። ሳማስለው ማንኪያው ቀለለኝ። ሰው ሁሉ እያየው ገንፎው እንደ አጥሚት ቀጠነ። የተማርኩት ያኔ ትዝ አለኝ፤ የብቅል ጉልበት ሲበርድ ይለግማል፣ ሞቅ ሲል ይፈጥናል፣ ሲፈላ ይሞታል። የገደልኩት እኔው ነኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እናና፣ ብቅልሽ ደህና ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አልኳት፣ ሁሉም እየሰሙ።

ቀና ብላም አላየችኝ። «መጀመሪያ ልጄ ይብላ» አለችና ሳህኑን ከእጄ ወሰደችው።