ኪኒን የለመደ እርጎ

ውብነሽ ውሃ ቀድታ ስትመለስ የባሏን አክስት እመይቴ ካሰችን ከገዛ ቤቷ ሲወጡ አገኘቻቸው። የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሯል። ልቧ ደነገጠ፤ የልጅ እናት ክፉውን ማሰብ ይቀናታልና።

«እመይቴ፣ የቋጠሩት የልጄን የዓለምጸሐይን ኪኒን እንዳይሆን?»

«እሱው ነው። ልጅቱ ስትቦርቅ አየኋት፤ የእግሯ ቁስል ደርቋል። የተረፈውን እንደ ወትሮው ከወተቴ ጣል ላደርገው ነው። ቅቤ እንዳይበላሽ ፍቱን ነው ብሎ ኪኒን የሚሸጥልኝ የአርብ ገበያው ነጋዴ አስተምሮኛል።»

«የጤና ጣቢያው ድሬሰር እስከ መጨረሻው ትዋጥ ብሏል! ባለፈው ሻረ ብለን ብናቋርጥ እንዴት አድርጎ እንዳመረቀዘ ረሱት? ጀርሙ መድኃኒቱን ከለመደ ልጄን ምን ያድናታል?»

«አይ ተማሪ! ጀርም በቅሎ ነው እንዴ የሚለምደው?»

ትልቅ ሰውን በቁጣ የረታ የለም፤ ስለዚህ ውብነሽ ጠየቀች።

«መጀመሪያ ኪኒን ሲጨምሩ ወተቱ ረግቶልዎት ነበር?»

«የት ረግቶ! ዓይን በላው ብዬ ጠበል ሁሉ ረጭቻለሁ። እየዋለ እያደረ ግን ይረጋልኝ ጀመር፤ ማርያም ረዳችኝ።»

«ወተት የሚያረጋውም ጀርም ነው፣ እመይቴ፤ ደጉ ዓይነት። ኪኒኑ አብዛኛውን ፈጀው፤ ያልሞተው ተራባና ቅልዎን ሞላው። ደጉ እንዲህ ከቻለ ክፉው አይችልም? ደግሞ ደጉ መድኃኒቱን የቻለበትን ብልሃት ለክፉው ያቀብለዋል ይባላል።»

«ወሬ ነው!»

«እንፈትነው። ጎረቤታችን ሐረገ ወይን ከወተቷ ኪኒን ጨምራ አታውቅም። የእሷን እርሾ ባንዱ ቅል፣ የእርስዎን በሌላው እናድርግ። ከነጋዴው የገዙትን ኪኒን ከሁለቱም እንጨምር።»

«ሁለቱም ቢረጋ የቋጠርኩት የኔ ነው። እስከዚያ የዕለቱን ኪኒን እየፈታሁ እሰጥሻለሁ፤ እኔስ ጨካኝ ነኝ?»

ውብነሽ እሺ አለች፤ በልቧ ግን ተጠራጠረች። ብሳሳትስ? የልጄን እግር በእርጎ ተወራረድኩ እኮ!

ወተቱ የሚረጋበት ቀን ሲደርስ እመይቴ ካሰች ቅሎቹን ራሳቸው ከፈቱ። የሐረገ ወይን ወተት እንደ ውሃ ፈሰሰ። የእሳቸው ግን ጥጥር ብሎ ረግቷል።

አሮጊቷ ሳቁ። «ይኸ እርጎዬ ኪኒኑን ቀለቡ አድርጎታል! ሥሩ ያልተነቀለ አረም በርትቶ እንደሚበቅል ሳውቅ፣ የልጅ ቁስል ላይ ይኸን ማጣቴ!»

ቋጠሮውን ፈትተው ኪኒኑን ከውብነሽ እጅ አኖሩት። ሁለቱንም ወተት ጉድጓድ ቆፍረው ደፉ፤ ቅሉን በፈላ ውሃ አጥበው በወይራ አጠኑት። ከሐረገ ወይን ንጹሕ እርሾ ወሰዱ። እርጎው ያለ ኪኒን አማረ፤ ቅቤውም በንጹሕ ዕቃና በደህና ጭስ ሳይበላሽ ቆየ። ለነጋዴው ይወጣ የነበረው ብር ለጨው ተረፈ፤ መድኃኒቱም ለታመመ ብቻ ሆነ።

ኪኒኑ በሚያልቅበት ቀን ዓለምጸሐይ «ድኛለሁ፣ አልውጥም!» ብላ ወደ በሩ ስትሮጥ እመይቴ ካሰች መንገዱን ዘጉ።

«ዋጪ! ጠላት ሲሸሽ ነው የሚከተሉት!»

ልጅቱ ዋጠች፤ ወዲያውም በዳነ እግሯ ሜዳውን አቋርጣ ከነፈች። ውብነሽ ከኋላዋ «ቀስ!» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው።