ለሞተር ብስክሌቱ መያዣ ሆኜ ስለተቀመጥኩበት ቅዳሜ

የምስክር ቃል

የቃል ሰጪ ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ እንደተጻፈው፤ በሥራ ቦታዋ «እትዬ» ተብላ የምትጠራ
ዕድሜ፦ 63
ሥራ፦ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ
አድራሻ፦ ከውሃ ማማው ጀርባ፣ አረንጓዴ በር ያለው ግቢ፣ ሁለተኛ ክፍል
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ድርጊቱ ከተፈጸመ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ ተረኛ መርማሪ

ለጠፋው ሞተር ብስክሌት በመጀመሪያ ደረጃ ተጠያቂ የማደርገው የገዛ ልጄን ነው። ዕድሜው ሠላሳ አራት ሲሆን የሰፈሩ ሰው «መጣሁ» እያለ ይጠራዋል። ይህ ስም የወጣለት ከቤትም ከሥራም «መጣሁ» ብሎ እየወጣ ስለሚቀር ነው። በሁለተኛ ደረጃ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። መርማሪው የቀረብኩት በምስክርነት ስለሆነ ይህን ማለት እንደማያስፈልገኝ ገልጾልኝ ነበር። እንዲጻፍልኝ ስለጠየቅኩ ተጽፏል።

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ልጄን ደጃፌ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ሊገዛ እንደሆነና ዕቃ እያደረሰ ሊሠራበት እንዳሰበ ነገረኝ። ሻጩ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረዳቸው መንዳት አቁመዋል፤ ሞተሩን የሚሸጡትም ዓይናቸውን ለመታከም ነው። የራሳቸው ኢንሹራንስ ጊዜው ስላለፈ፣ ገዢው ኢንሹራንስ ሳይገባ ሞተሩን ለሙከራ እንደማይሰጡ ተናግረዋል። ልጄ «እማ፣ አንቺ ቋሚ ሠራተኛ ነሽ፤ አብረሽኝ ከቆምሽ ሰው ያምነኛል» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ለምን ደስ እንዳለኝ ተጠይቄ፣ ልጄ ከገንዘብ ሌላ ለሆነ ነገር ሲፈልገኝ የመጀመሪያው ስለነበር ነው ብዬ መልሻለሁ።

በማግስቱ ዓርብ አለቃዬን አስፈቅጄ ከልጄ ጋር ወደ ኢንሹራንስ ቢሮ ሄድኩ። ቢሮው ከጫማ መሸጫው በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጄ የሞተሩን ሊብሬ ቅጂና የሻጩን የፈቃድ ደብዳቤ ይዞ ነበር። የመስኮቷ ሠራተኛ ቋሚ ደመወዝ ባለኝ በእኔ ስም የአንድ ሳምንት ውል አዘጋጅታ «እናቴ፣ ይፈርማሉ ወይስ ለአሻራ ቀለም ላምጣልዎት?» አለችኝ። እንደምፈርም፣ ነገር ግን ሳላነብ እንደማልፈርም ነገርኳት። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። የአንዱን ክፍል አንሶላ ለሌላው ክፍል እየላክን ስላስቸገርን፣ አለቃችን በምሳ ሰዓት እያስቀመጠች አስተምራናለች። እስካሁን የማነበው በጣቴ እየተከተልኩ ነው። ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ ሰው «ማዘር ለፈተና እያጠኑ ነው እንዴ?» ብሎ ሰውን አሳቀ። እኔም «አንተ በሰባት ዓመትህ የጨረስከውን አሁን ነው የጀመርኩት፤ ታገስ» አልኩት።

ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ሰባተኛው መስመር «ንብረቱ በባለቤቱ ፈቃድ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ሳይመለስ ቢቀር ኩባንያው አይከፍልም» ይላል። ትርጉሙን ሠራተኛዋን ጠየቅኳት። «ሰው ቢገጭበት፣ ሞተሩ ቢጎዳ እንከፍላለን። ባለቤቱ ቁልፉን በእጁ ሰጥቶት ይዞ ቢጠፋ ግን አያገባንም» አለችኝ። ገብቶኝ ፈረምኩ። ደረጃውን ስንወርድ ልጄ «ያቺን ነገር ለሽማግሌው አታንሺበት፤ በባዶ ሜዳ ይደነግጣል» አለኝ። በዚያን ጊዜ ምንም አልጠረጠርሽም ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ ጠርጥሬ እንደነበር፣ መጠርጠሬን ግን ደረጃው ላይ ጥዬው እንደወረድኩ ገልጫለሁ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የሻጩ ግቢ ደረስን። ሞተሩ ቀይ ነው። ጥላ ሥር አንሶላ ለብሶ ቆሟል። ሥራዬ ስለሆነ አንሶላው ታጥቦ የተተኮሰ መሆኑን አስተውያለሁ። ሻጩ ዘይት የቀየሩበትንና ካንዴላ የለወጡበትን ቀን ሁሉ የመዘገቡበት ደብተር አወጡ፤ ልጄ ሳይገልጠው ኮርቻው ላይ አስቀመጠው። ቀጥሎ ኢንሹራንሱን ጠየቁ። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ በመጨረሻም ለእኔ አቀበሉኝ። «እህቴ፣ ማንበብ ይችላሉ?» አሉኝ። እንደምችል ነገርኳቸው። «እንግዲያው ሁሉንም ያንብቡልኝ» አሉ።

ለሌላ ሰው ወረቀት ሳነብ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ጮክ ብዬ አነበብኩ። የመጀመሪያውን ገጽ ጨረስኩ። በሁለተኛው ገጽ ሰባተኛው መስመር ላይ ስደርስ ጣቴን ወደ ስምንተኛው አወረድኩ። ልጄ ፈገግ ሲል አይቻለሁ። ሻጩ «እንደ እርስዎ አጥርቶ የሚያነብ ወጣት እንኳ የለም» አሉኝ። ቃል በቃል የተናገሩት ይህንኑ ነው፤ አልጨመርኩበትም።

ከዚያ በኋላ ሻጩ ልጄን መታወቂያውን እንዲያስይዝ ጠየቁት። ልጄ ቤት እንደረሳው ተናግሮ «ጋሼ፣ እናቴን መያዣ ትቼልዎት የለም? እናቱን ጥሎ የሚጠፋ ሰው አይተው ያውቃሉ?» አለ። ሦስታችንም ሳቅን። ሻጩ ከቤት ወንበር አወጡልኝ። ልጄ ሄልሜቱን አጠለቀ፣ ፍሬኑን ሁለት ጊዜ ሞከረ፣ «እስከ አስፋልቱ ደርሼ መጣሁ» ብሎ ወጣ። ሰዓቱ አራት ተኩል ገደማ ነበር። መታወቂያውን አስይዞ ቢሆን ኖሮ ይመለስ እንደነበር እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። አዲስ መታወቂያ ለማውጣት ሰልፍ አለው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሻጩ «ልጁ ቆየሳ» አሉኝ። ስልክ ሳልደውል «መንገድ ላይ ነው» አልኳቸው። ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ አቀረቡልኝ። ላለመብላት ምክንያት ስላጣሁ በላሁ። ከምሳ በኋላ እጃቸውን ያፍተለትሉ ጀመር። ለሞተሩ የተጨነቁ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን «የኋላው ፍሬን አንዳንዴ ድንገት ይይዛል። ሳልነግረው ቀረሁ። የሰው ልጅ አጠፋሁ ይሆን?» አሉኝ። ከዘራቸውን ይዘው፣ የተጎዳ ሰው መጥቶ እንደሆነ ለመጠየቅ ወደ ጤና ጣቢያው በእግራቸው ሊሄዱ ተነሡ። እኔ ልሂድልዎት አላልኩም። የቤቱን በር ክፍት ትተው «እህቴ፣ ቤቱን አደራ» አሉኝ። አስፋልቱን ሲሻገሩ ከግቢው በር ቆሜ አይቻቸዋለሁ። መኪኖቹ እንዲቆሙላቸው እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ነበር የሚሻገሩት።

ከዓይኔ እንደራቁ ልጄ ደወለ። «እማ፣ ገና እዚያው ነሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «ውጪና ሂጂ እንጂ። ሽማግሌው ምን ያደርግሻል፣ አንቺን አይሸጥሽ» አለኝ። ሞተሩን እንዲመልስ ለመንኩት፤ ሰውየው ዓይናቸውን የሚታከሙበት መሆኑን አስታወስኩት። «ኢንሹራንስ ገብተንለት የለም? እነሱ ይክፈሉት» አለኝ። እንደማይከፍሉ እሱም እኔም እናውቅ ነበር። ከድምፁ ጀርባ የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ሲሠራ ሰማሁ። ማሽኑ ግንዱን ሲጨርስ ሁለት ጊዜ እንደሚያስል ሰው ያደርገዋል። የወንድሜ ማሽን ነው። በዚያ ግቢ ስድስት ዓመት ስለኖርኩ ድምፁን አልስተውም።

ሻጩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላብ አጥምቋቸው ተመለሱ። ፊታቸው ግን በርቶ ነበር። «ተመስገን፣ የተጎዳ ሰው አልመጣም» አሉኝ። እውነቱን መናገር የነበረብኝ በዚያች ደቂቃ ነው። እኔ ግን «ደውሎልኝ ነበር። ጎማ ፈንድቶበት ነው፤ መንገድ ላይ ነው» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሳረፉኝ» ብለው አመሰገኑኝ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። ከዚያም ልጄ ሞተሩን በማግስቱ ራሱ እንደሚያመጣው ነግሬ፣ ስልክ ቁጥሬን ሰጥቼ ወጣሁ። እስከ በሩ ሸኙኝ።

እሁድ ደወሉልኝ፤ መንገድ ላይ ነው አልኩ። ሰኞም ደወሉ፤ ያንኑ ደገምኩ። ሰኞ ዕለት ስለ ሞተሩ ከመጠየቃቸው በፊት «ልጁ ደህና ነው?» ብለው ነው የጀመሩት። ከዚያ ስልክ በኋላ የአንሶላዎቹን ምልክት ማንበብ አቃተኝ፤ ፊደሎቹ ይታዩኛል፣ ቃል ግን አልሆን አሉ። ሻጩ እስካሁን ክስ አለማቅረባቸውን ከመርማሪው ሰምቻለሁ። ያልከሰሱት እኔን አምነው ነው። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ የመጣሁት ማንም ጠርቶኝ አይደለም።

ለሦስት ቀን ለምን ደበቅሽ ተብዬ ተጠይቄ፣ ስለለመደብኝ ነው ብዬ መልሻለሁ። ልጄ ተማሪ ሳለ ለአስተማሪው፣ በኋላም ለቤት አከራዩ፣ ላሠሪዎቹ፣ ልጇን አዝላ ደጃፌ ላይ ለቆመችው ሚስቱ የሰጠሁት መልስ አንድ ነው። ሚስቱ አንድ ቀን «እማማ፣ ይሄ መንገድ አያልቅም እንዴ?» ብላኛለች። ባለጌ ብዬ ሰድቤ መለስኳት።

ሞተሩ ካልተሸጠ ወይም ካልተፈታታ በስተቀር፣ ከድልድዩ ማዶ በሚገኘው የወንድሜ እንጨት መሰንጠቂያ፣ ከሰጋቱራው ክምር ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ይገኛል ብዬ አምናለሁ። ልጄም እዚያው ነው። ወንድሜ ነገሩን ይወቅ አይወቅ አላውቅም። ይህ ቃል በልጄ ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል መርማሪው ነግሮኝ፣ ይቀጥል ወይስ ይቅር ብሎ ጠይቆኛል። ውሃ ጠጥቼ፣ ይጻፍ ብያለሁ።

መርማሪው የተጻፈውን አንብቦልኛል። ቀጥሎም ራሴ በጣቴ እየተከተልኩ አንብቤዋለሁ። ሃምሳ ደቂቃ ፈጅቷል፤ የዘለልኩት መስመር የለም፤ ያለው ሁሉ እውነት ነው። ለአሻራ የቀረበልኝን ቀለም መልሼ በእጄ ፈርሜያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ልጄ የት እንዳለ ለሚጠይቀኝ ለማንም ሰው መንገድ ላይ ነው አልልም።

የቃል ሰጪዋ ፊርማ፦ (በራሷ እጅ ተፈርሟል)
የመርማሪው ፊርማ፦ (ተፈርሟል)