የሐሊማ ጁስ መፍጫና አንዷ ፊውዝ

በእኛ ጊዜ፣ በእኛ ጊዜ ስል አትሳቂ ቤዛ፣ ከኮሮና በፊት ማለቴ ነው፣ እኔና ጓደኛዬ አብዲ እዚሁ ጅግጅጋ አንዲት ጠባብ የጥገና ሱቅ ነበረችን። ታዲያ ዕቃው ሁሉ ከድንበሯ ከተማ ከቶጎጫሌ ነው የሚመጣው፣ እና ገመዱ ጫፍ ላይ ያ ባለ ሦስት እግር ሶኬት አለ፣ እኛ ግድግዳ ላይ አይገባም። ምን እናደርጋለን? ቆርጠን ባለ ሁለት እግር እንገጥማለን። ለካስ ያ ሶኬት ሆዱ ውስጥ ፊውዝ ነበረው፣ ከነፊውዙ ነው የምንጥለው።

በኋላ ነቃን እና እኔ አንደኛው ሽቦ ላይ አንድ ፊውዝ መግጠም ጀመርኩ። አብዲ ግን በሶማሊኛው ጠርቶኝ፣ "ዋርያ ታደሰ፣ ባለ ሁለት እግር እኮ ተገልብጦም ይገባል፣ ያኔ ፊውዝህ ኒውትራሉ ላይ፣ መመለሻው ሽቦ ላይ ነው የሚውለው" ይለኛል።

"አንተ ደግሞ፣ ፊውዝ ፊውዝ ነው" እለዋለሁ። አየሽ ድርቅናዬን?

ታዲያ አንድ ቀን ጁስ ቤት ያላት ሐሊማ፣ "ጋሽ ታደሰ፣ መፍጫው ሞተብኝ" ብላ ጠራችን። ሶኬቱን ሳልነቅል ሥሩን ከፈትኩት፣ ፊውዙ ተቃጥሏል። "በቃ፣ ፊውዙ ከሄደ ኤሌክትሪክ የለውም፣ ውስጡ የፈሰሰውን ፓፓያ ጥረጊው" አልኳት፣ እኔ ነኝ ያልኳት። እጇ ርጥብ ነው። ወደ ውስጥ ስትሰድ አብዲ ክንዷን ያዘ፣ እና መብራት መኖሩን የሚያሳየውን ቴስተር ሽቦው ላይ አሳረፈ። በራ። ቀይ ሆኖ በራ ልጄ። ፊውዙ የቆረጠው መመለሻውን ነው፣ ኃይል የሚያመጣው ፌዙ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል።

"ፊውዝህ መፍጫውን ገደለ እንጂ መብራቱን አልገደለም" አለኝ አብዲ።

ሐሊማም ቀስ ብላ እጇን እያደረቀች፣ "ጋሽ ታደሰ፣ ከዛሬ ጀምሮ ነጻ ጁስ የለም" አለች።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ሽቦ ላይ ፊውዝ እንገጥማለን፣ እና አብዲ፣ "ሁለት ቢሆንም አንዱ ብቻ ሊቃጠል ይችላል፣ መጀመሪያ ንቀል" ይላል፣ ሁልጊዜ ይላል። አሁን አይሻ የምትባል ከተማ ነው ያለው፣ ቴስተሩን ትቶልኝ ሄደ፣ ይኸው። ሱቋን አይደለም የምናፍቀው ቤዛ፣ የሚከራከረኝ ሰው ነው ያጣሁት።

አንቺም ሶኬት ብትፈሪ አይፈረድብሽም፣ ግን ፊዚክስ ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት ጀምረሻል አሉኝ፣ ጎሽ። እስቲ ያን ብሎን መፍቻ አቀብይኝ፣ ይሄን ራዲዮ ልክፈተው።

"አላቀብልዎትም ጋሼ" አልኳቸው እኔ፣ ቤዛ።

"ለምን?"

"ሶኬቱ ግድግዳው ላይ ነው። ቆይ፣ ልንቀለው።"

"ሶኬት እየፈራሽ?"

"እየፈራሁ።"

ነቀልኩት። ጋሽ ታደሰ እስኪያስላቸው ሳቁ። "ይኸው፣ ደግሞ የሚከራከረኝ መጣ" አሉ።