ለባዝራይቱ የተመረጠው ድንጉላ

የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ስለ ፈረስ የማውቀው እምብዛም ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ድንገተኛ ዝናብ አገኘኝና ከከተማው ዳር ካለ የፈረስ ጋጥ ገብቼ ተጠለልሁ። በውስጡ ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ። አንደኛው ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈረስ ሲገሩ የኖሩ ሽማግሌ፣ ሁለተኛዋ የእንስሳት እርባታ ተምራ በቅርቡ የተመለሰች የወንድማቸው ልጅ ናት።

«ይግቡ ጌታዬ፤ ዝናቡ እስኪያባራ እርስዎ ይዳኙን» አሉኝ ሽማግሌው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳማው የሚሉት የእሽቅድምድም ዝርያ ድንጉላ ነበራቸው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ባልና ሚስቱ በየእሑዱ እስከ ወንዙ ድረስ ይጋልቡ ነበር። ባለቤታቸውም ዳማውም በአንድ ዓመት ውስጥ ሞቱ። እሳቸውም ዳሌያቸው ተሰብሮ ረጅም መንገድ በእግር መሄድ ስለማይችሉ ወንዙን ካዩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። የቀረቻቸው የዳማው ልጅ የሆነች አንዲት ባዝራ ናት፤ እሷንም ዳማው ከሌላ ከወለደው ድንጉላ ጋር ሊያገናኟት ቆርጠዋል።

«ዳማውን መልሼ የማገኘው በዚህ ብቻ ነው» አሉ። «ደሙ እንዲበረዝ አልፈልግም።»

«ጋሼ፣ እኅትና ወንድም እኮ ናቸው!»

«በአባት ብቻ።»

«እሱም ይበቃል። እዚሁ ሰፈር ከዘመዳሞች የተወለደውን ያምናውን ውርንጭላ ረሱት? የፊት እግሮቹ ተጣመው መቆም አቅቶት ሞተ። የቅርብ ዘመዳሞች ሲዋለዱ በሁለቱም ውስጥ የተደበቀው ጉድለት ይገናኛል። ይልቅ ይንገሩኝ፤ ይህች ባዝራ ምን ይጎድላታል?»

ሽማግሌው በሙያቸው መዋሸት አይችሉም። «ፍጥነት አላት። ግን ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ስለምትበረግግ በዚህ ዳሌዬ አልደፍራትም። የእግሯም አጥንት ቀጭን ነው።»

«ከማን ወረሰችው?»

«ከዳማው» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እኔም ዝም ማለት አልሆነልኝም። «የዐረብ ድንጉላስ?» አልሁ።

«ጽናትና ጠንካራ ሰኮና ያወርሳል» አለች ልጅቱ፤ «ረጅም መንገድ አይበግረውም። ነገር ግን እሱም ነገር ቶሎ የሚሰማው ንቁ ነው። የሁለት ንቁዎች ልጅ ለታመመ ዳሌ አይሆንም።»

«የጋሪ ፈረስ አምጪልኛ!» ብለው ሳቁ ሽማግሌው። «ጎተራ ላይ ተፈናጥጬ ሰው ይሳቅብኝ!»

እሷም ሳቀች። «እውነትዎን ነው፤ አጥንትና ርጋታ ቢሰጥም እርምጃው ከባድ ነው። ለዚህ ነው በከተማው የግልቢያ ትምህርት ቤት ያለውን ግራጫ ድንጉላ የመረጥሁት። በእናቱ የጋሪ ዝርያ አለበት፣ በአባቱ ዐረብ ነው። ልጆቹን እየዞርሁ አይቻለሁ፤ አብዛኞቹ ረጋ ያሉ፣ ሶምሶማቸው የማይንጥ ናቸው። ግን ቃል አልገባልዎትም። ድንጉላው የሚሰጠው ግማሹን ነው፤ ግማሹ የእናቲቱ ነው። ከተወለደ በኋላ ያለው ደግሞ የእርስዎ እጅ ነው።»

«ታዲያ ዳማውስ?»

ልጅቱ የባዝራይቱን አንገት ዳበስ አደረገች። «ዳማው አይመለስም ጋሼ። ባለቤትዎ እትዬም አትመለስም። እኔም ትናፍቀኛለች። ግን የናፈቅዎት ፈረሱ ነው ወይስ ወንዙ?»

ሽማግሌው የባዝራይቱን ጋማ በጣታቸው ሲያበጥሩ ቆዩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ እኔ ግን መሄዱን ረሳሁት።

«ወንዙ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ወንዙ ነው የኔ ልጅ። በይ፣ ግራጫውን አስመጪው።»

ከዐሥራ አንድ ወር በኋላ እግሮቿ ቀጥ ያሉ ሴት ውርንጭላ ተወለደች። በመልክ ዳማውን ፈጽሞ አትመስልም። ሽማግሌው ሳይቸኩሉ አራት ዓመት ጠብቀው ራሳቸው ገሯት። ይህን ያዩ የአካባቢው ፈረስ አርቢዎችም ዛሬ መልክና ዝና ብቻ አይተው አያዳቅሉም። በቅድሚያ ዝምድናውን ያጣራሉ፤ ከዚያም ባዝራዋ የጎደላትን የሚሞላ ድንጉላ ይፈልጋሉ። ጠማማ እግር ይዞ የሚወለድ ውርንጭላ አሁን ብርቅ ነው፤ ለሕፃንም ለአዛውንትም የሚሆን ፈረስ ከጋጣቸው ይወጣል። ትምህርት የሽማግሌውን እውቀት አልሻረም፤ ዓይኑን ወደ ፊት አዞረለት እንጂ።

ሽማግሌው በአዲሷ ፈረስ መጀመሪያ ወንዙ ድረስ በጋለቡበት እሑድ የወንድማቸው ልጅና እኔ በእግር ተከተልናቸው። ከውኃው ዳር ሲደርሱ ልጓሙን ለቀቅ አደረጉላት፤ ፈረሷም ጸጥ ብላ ቆመች። ኮርቻው ላይ እንዳሉ ማዶውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«እትዬ ብትኖር» አሉ ወደ እኛ ሳይዞሩ፣ «ይህችን ቀምታኝ እኔን በእግሬ ትሰደኝ ነበር።»