የግራኙ ጊታር
በስተርጅና የዋሹት ውሸት ልብ እንዴት እንደሚያርድ ልንገራችሁ። ከስንት ዘመን በኋላ ወደ ከሚሴ ስመለስ፣ ታናሽ ወንድሜ ሰዒድ ከሰላምታ አስቀድሞ ስለ ኤሌክትሪክ ጊታሩ ጠየቀኝ። ያኔ ስሄድ ውጭ አገር አሠሪልኝ ብሎ በአደራ የሰጠኝን ጊታር ሸጬ ከበላሁት ቆይቷል። «ከዕቃዬ ጋር እየመጣ ነው» አልኩት። ከዚያ በድሮው ሞዴል የተሠራ አዲስ ጊታር አስመጣሁና እንዲያስረጅልኝ ለአንድ አናጢ ሰጠሁት። አናጢው የጊታሩን አንገት በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፤ ብረቱን በጨውና በሎሚ አዛገው፤ ክንድ የሚያርፍበትን ጠርዝ እንጨቱ እስኪታይ ፋቀው። «አብሽሪ እናቴ፣ ወላሂ የሠራው እንኳ አይለየውም» አለኝ።

ጊታሩን ወስጄ ለሰዒድ ሰጠሁት። የጊታሩን አንገት ዳበሰ፣ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ጊታሩን ገልብጦ አቀፈው። ክንዱ ያረፈው ባልተፋቀው፣ በሚያብረቀርቀው ጠርዝ ላይ ነበር። ወንድሜ ግራኝ መሆኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

«እትዬ፣ ያስረጀው ሰው እጁ ይባረክ» አለኝ። «ግራኝ መሆኔን ብትነግሪው ምን ነበረበት?»

እሱ ክሮቹን እየፈታ ለግራ እጁ ገልብጦ ማሰር ጀመረ።

«በዚህ በኩል እኔው አስረጀዋለሁ» አለ ሳያየኝ። «አላህ ዕድሜውን ከሰጠኝ።»