የወንዝ ማዶ ምስክር

ከጅዳ ወደ መካ ስንሄድ ከፊቴ ተቀምጠው የሚያወሩት ሁለት የወሎ ሴቶች የተዋወቁት እዚያው ታክሲው ውስጥ ነበር።

«የምሠራላት ማዳም ስልኬን ስትመልስልኝ ነው የሰማሁት። አባቴ እርሻው ላይ ጥንታዊ ጋን አገኘ! የመንደራችን የቅርስ ወዳጆች ማኅበር በዚህ ጋን ወደ አውራጃው የቅርስ ማኅበራት ኅብረት ሊገባ ነው።»

«ማሻአላህ! ታዲያ ምን ቀረው?»

«የጎረቤት ማኅበር መጥቶ አይቶ ካልመሰከረ ኅብረቱ አይቀበልም። ለራሱ ግኝት ማንም አይመሰክርም፤ ደንቡ ነው።»

«ጥሩ ደንብ ነው።»

«ምን ጥሩ አለው! ጎረቤቶቻችን የወንዝ ማዶ ሰዎች ናቸው። ምቀኞች! የተገኘ ዕቃ እንዳለ ይቀመጥ ይላሉ፤ አባቴ ደግሞ በሳሙና አጥቦ ማር ሞልቶበታል።»

«በሳሙና?»

«እንግዳ ይመጣል ብሎ ነዋ! አንቺስ እህቴ፣ አገርሽ የት ነው?»

«ወንዝ ማዶ።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ። ሊመሰክር የሚመጣው ወንድሜ ነው።»

«ምላሴን ይቁረጠው! ኸላስ፣ ቀረብን በይኛ።»

«አይዞሽ፣ መታጠቡንም ጨምሮ ይመሰክራል። ቢታጠብም ያው ጋን ነው። ማሩን ግን እንዳትደፉት፤ ምቀኞቹ ይበሉታል።»

መካ ገብተን ዑተይቢያ ሰፈር መውረድ የነበረብኝ እኔ፣ ወሬያቸውን ስሰማ አልፌው እስከ ነካሳ ሰፈር ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ።